አባባ ከወደቁ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የታመሙት። ያኔ ለምን ምንም አልታየም?

ታላቋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁ። ጭንቅላታቸው የግድግዳውን ጠርዝ መታ። ራሳቸውን አልሳቱም፣ አላስመለሳቸውም። በግራ በኩል ከጆሯቸው በላይ ትንሽ አበጠ፣ በረዶ ያዝኩላቸው። «ምንም አልሆንኩም፣ አታካብጂው» አሉኝ። ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ቀስቅሼ ስማቸውንና ቀኑን ጠየቅኳቸው። ሁለቱንም ጊዜ በትክክል መለሱ። በሁለተኛው እንዲያውም ተቆጡኝ። እብጠቱ በአራተኛው ቀን ጠፋ። ረሳነው።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ አየኋቸው። አባባ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚቆልፉት፣ በፍጥነት። ያን ቀን ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆሙ። ቀኝ ጣታቸው ቁልፉን ይነካዋል፣ ያመልጠዋል፣ ደግሞ ይነካዋል። «ምን ሆኑ አባባ?» ስላቸው «ቀዳዳው ጠቦ ነው» አሉኝ። ቀዳዳው አልጠበበም። ያው የድሮ ሸሚዛቸው ነው።

ወደ ኋላ ሳስበው ከዚያ በፊትም ነገር ነበር። «ራሴን ይከብደኛል» ይሉ ነበር። ቀን ቀን መተኛት አብዝተው ነበር። አንድ ታሪክ ጀምረው መሐል ላይ ይተዉታል። እኛ እርጅና ነው አልን። ወንድሜ «የመርሳት በሽታ እየጀመራቸው ይሆን?» አለ። መጀመሪያ የወሰድናቸው ቦታ ግፊታቸውን ለክተው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙን። ስለ መውደቃቸው ማንም አልጠየቀንም። እኛም አልተናገርንም። ከራስ ምታቱ ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሁለተኛ ቦታ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም «ባለፉት ሦስት ወራት ወድቀው ወይም ጭንቅላታቸውን ተመትተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። ይቺ አንዲት ጥያቄ ሁሉን ቀየረችው። ሲቲ ስካን ተነሡ፣ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ተጠራቅሞ ተገኘ። በዚያው ቀን ቅላቸው በትንሹ ተበስቶ ደሙ ወጣ። ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ደህና ናቸው፣ ያውቁናል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰው በወደቀበት ቀን ደህና ሆኖ እንዴት ከአምስት ሳምንት በኋላ ይታመማል? ደሙ የት ቆይቶ ነው? በዚያው ቀን ባስመረምራቸው ኖሮ ይገኝ ነበር? እንቅልፍ አጥቻለሁ። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የሌሊት ተረኛ

ታላቋ ልጅ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንቺ የጻፍሽውን ዓይነት ታሪክ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ያቺ የቁልፍ ነገር ግን እኔንም አስቆመችኝ። ጉዳቱ በግራ ነው፣ የደከመው ቀኝ እጃቸው ነው። የግራው አንጎል ቀኙን አካል ስለሚያዝ ነው እንዲህ የሚሆነው።

አንጎል ከዕድሜ ጋር ጥቂት ጥቂት ይኮማተራል። የራስ ቅሉ ግን እንደዚያው ነው። ስለዚህ በመካከል ቦታ ይተርፋል። ከአንጎሉ ተነሥተው ከራስ ቅሉ ሥር ወዳለው የአንጎል ሽፋን የሚሻገሩ ቀጫጭን ደም መላሽ ሥሮች አሉ። ቦታው ሲሰፋ እነሱ እንደ ክር ይወጠራሉ። ትንሽ ግጭት ይበቃቸዋል፣ ይበጠሳሉ። ደም መላሽ ሥር ደግሞ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። ደሙ አይንዶለዶልም፣ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል። በዚያ ላይ የተረፈ ቦታ ስላለ አንጎሉ ቶሎ አይጨነቅም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ሰውነት የተጠራቀመውን ደም ለማጽዳት በዙሪያው ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ላይ አዳዲስ ደም ሥሮች ይበቅላሉ። እነዚያ ሥሮች ግን ለጋ ናቸው፣ ግድግዳቸው ደካማ ነው፣ እነሱ ራሳቸው ይደማሉ። ትንሽ ይደማል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይደማል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ሳምንታት ይሄዳል። አየሽ፣ አባትሽን ያሳመማቸው ደም ሁሉ በወደቁበት ቀን የፈሰሰ አይደለም። አብዛኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ሊጠግን የተነሣው ሥራ ነው ያባባሰው። «ደሙ የት ቆየ?» ላልሽው መልሱ ይሄ ነው። ያን ያህል ደም ያኔ አልነበረም።

ይህ በሕክምና ሥር የሰደደ የሚባለው ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ መዘባረቅ፣ እግር መጎተት፣ የአንድ ወገን መድከም። ከመርሳት በሽታም ከስትሮክም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ወንድምሽ ያለው ነገር ሐኪሞችንም ያሳስታል።

ሲቲ ስካን ላይ ደግሞ አስገራሚ ነገር አለ። ትኩስ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ግራጫ ይሆንና ከአንጎሉ ቀለም ጋር ይመሳሰላል፤ ያኔ ከዓይን በቀላሉ ያመልጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ከቀለሙ መውደቁ የስንት ሳምንት እንደሆነ በግርድፉ መገመት ይቻላል። ያቺ ወጣት ሐኪም ምስሉን ስታይ ጥያቄዋ ልክ እንደነበር ገብቷታል።

በዚያው ቀን ብትወስጃቸው ይገኝ ነበር ወይ? ምናልባት ምንም አይታይም ነበር። ወይም የክር ያህል ቀጭን ነገር ይታይና «ጠብቁ» ትባሉ ነበር። ግን ላጽናናሽ ብዬ እውነቱን አልሸፍንም። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ፣ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ማንም ሰው፣ ደህና ነኝ ቢልም መታየት አለበት። ከታየ በኋላም፣ ንጹሕ ነው ከተባለም በኋላ፣ ለሁለትና ለሦስት ወር ዓይን ሊጣልበት ይገባል። ይሄን የመናገር ኃላፊነት የእኛ የሐኪሞች ነው። ብዙ ጊዜ አንናገርም፤ ያ ደግሞ ያንገበግበኛል።

አባትሽ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ?

ታላቋ ልጅ

አዎ! ለልብ ብለው አስፒሪን በየቀኑ ይወስዳሉ። እሱንም አልተናገርንም ነበር። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲሉን ግፊት ብቻ አልን። አስፒሪንን መድኃኒት ነው ብለን አልቆጠርነውም።

የሌሊት ተረኛ

አስፒሪንም ይቆጠራል። አሁን መቼ እንደሚመለሱበት ወይም እንደማይመለሱበት የሚወስኑት ቀዶ ሕክምና ያደረጉላቸውና የልብ ሐኪማቸው ተነጋግረው ነው። በራሳችሁ አታቋርጡ፣ በራሳችሁም አትጀምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰዎች ስለሚያምታቱት ነው። በዚያው ቀን የሚገድል ሌላ ዓይነት የጭንቅላት ደም መፍሰስ አለ። እዚያ የሚቀደደው ደም ቅዳ ሥር ነው፣ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ጆሮ አካባቢ ያለው ስስ አጥንት ሲሰነጠቅ ይመጣል። እሱም ግን ጊዜ ይሰጣል፣ ያውም የሚያታልል ጊዜ። ሰውየው ተመቶ ይነሣል፣ ይሥቃል፣ ያወራል። ከዚያ ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓታት በኋላ ይወድቃል። ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ካናዳ ውስጥ በረዶ ላይ መንሸራተት ስትማር ወድቃ «ደህና ነኝ» ብላ እርዳታ አልፈልግም አለች። ብዙም ሳይቆይ ከባድ ራስ ምታት ጀመራት። በሁለተኛው ቀን አረፈች፣ ገና 45 ዓመቷ ነበር። ምክንያቱ ይሄው ነበር። አንቺ ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ቀስቅሰሽ መጠየቅሽ የጠበቀው ከዚህ ነው። ከአምስት ሳምንቱ ሊጠብቃቸው አይችልም ነበር፣ ግን ከንቱ አልነበረም።

ፋርማሲስቷ

እኔም ከመድኃኒት ወገን ልናገር፣ ምክንያቱም «ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ቃል እኔንም ያስፈራኛል።

አንድ ደንበኛዬ ጥርሱን አሞት ነበር። ወረፋው እስኪደርስ ሦስት ቀን በማስታገሻ ቆየ። አንዱ ፓራሲታሞል ነው። ሌላው ለጉንፋን የተባለ ቅይጥ ነው፣ ውስጡ ያው ፓራሲታሞል አለ። ሦስተኛ ፓኬት ሊገዛ ሲመጣ ስንት እንደወሰደ አብረን ቆጠርን። በቀን ከ4 ግራም በጣም አልፎ ነበር፤ ለጤነኛ አዋቂ የመጨረሻው ጣሪያ ያ ነው። «ግን እኮ ደህና ነኝ፣ ሆዴን እንኳ አላመመኝም» አለኝ። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ላክሁት። የጉበቱ ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኘ። ማርከሻው ተሰጠው፣ ዳነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓራሲታሞል ጉበት ውስጥ ሲበተን ጥቂቱ ወደ መርዝ ይለወጣል። ግሉታታዮን የሚባል የሰውነት ንጥረ ነገር ያን መርዝ እየያዘ ያከሽፈዋል። መድኃኒቱ ሲበዛ ግሉታታዮኑ ያልቃል፣ መርዙ የጉበትን ሕዋሳት መግደል ይጀምራል። ሕመሙ ግን ቶሎ አይመጣም። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ማቅለሽለሽ ወይም ጭራሽ ምንም። ከዚያ ሰውየው የተሻለው ይመስላል። ጉበቱ በጣም የሚጎዳው በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ነው። አሴቲልሲስቲን የሚባለው ማርከሻ ግን በጣም የሚሠራው በአንድ ጊዜ ብዙ ከተወሰደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። አያችሁ? ማርከሻው ጉልበት ያለው ሰውየው ደህና ነኝ በሚልበት ሰዓት ነው። እስኪያመው የጠበቀ ሰው ያንን ሰዓት ያሳልፈዋል። በስህተት ያለፈ ሰው ካለ፣ ሕመም አይጠብቅ፣ አያፍር፣ ዛሬውኑ ይሂድ።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ፣ ጥያቄ ልጨምር። ልጄ አሞክሳሲሊን ጀምራ በስምንተኛው ቀን ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። ስምንት ቀን ተስማምቷት እንዴት ያኔ አለርጂ ይሆናል? ባለቤቴ «መድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነበር» ይላል።

ፋርማሲስቷ

ባለቤትሽ የሚያስበው በደቂቃ የሚመጣውን አለርጂ ነው። ከንፈር የሚያብጥበት፣ ትንፋሽ የሚያጥርበት። እሱን የሚያስነሡት ሰውነት ውስጥ ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፣ ስለዚህ ፈጣን ነው። ሌላው ዓይነት የሚመጣው ቲ ሴል በሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። እነሱ መድኃኒቱን ማወቅ አለባቸው፣ መባዛት አለባቸው፣ ከዚያ ወደ ቆዳ መሄድ አለባቸው። ያ ሁሉ ቀናት ይፈጃል። የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ያደረገ ሰው ካለ ያውቀዋል፤ ክንድ ላይ ከተወጋ በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ጠብቀህ ተመለስ የሚባለው በነዚሁ ሕዋሳት ምክንያት ነው። በዚያው ቀን ቢታይ ምንም ትርጉም የለውም።

ስለዚህ በስምንተኛው ቀን የመጣ ሽፍታ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። በልጆች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሽፍታውን የሚያመጣው መጀመሪያ ያሳመማቸው ቫይረስ ራሱ ነው። ስለዚህ ሐኪም ሳያያት «ፔኒሲሊን (የአሞክሳሲሊን ወገን) አይስማማትም» የሚል ስም አይለጠፍባት፣ ዕድሜ ልክ ይከተላታል። ትኩሳት ካላት፣ አፏ ወይም ዓይኗ ከቆሰለ፣ ቆዳዋ ከተላጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ ፊቷ ካበጠ ግን አሁኑኑ ውሰጃት። እንደ ካርባማዜፒን (ለሚጥል በሽታ) እና አሎፑሪኖል (ለሪህ) ያሉ መድኃኒቶች ላይማ ከባዱ ዓይነት ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

ዝምተኛው

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ልጻፍ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ውሻ ቁርጭምጭሚቴን ነከሰኝ። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ብቻ። በሳሙናና በውኃ አጠብኩት፣ ክትባቱን ጀመርኩ። ቁስሉ በአራተኛው ቀን ደረቀ። ሁለተኛውን መርፌ ወስጄ ሦስተኛውን ተውኩት፣ ድኛለሁ ብዬ። ነርሷ ደወለችልኝ። «ቁስልህ ነው የዳነው። ቫይረሱ ካለ ቁስልህ ላይ አይደለም ያለው፣ ነርቭህን ይዞ እየሄደ ነው» አለችኝ። ተነሥቼ ሄድኩ።

በኋላ ነው ያነበብኩት። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ሳይታይ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል፤ አንዳንዴ ከዓመት ያልፋል። ንክሻው ለጭንቅላት በቀረበ ቁጥር ያጥራል። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከተነከሱ በኋላ መከተብ የሚሠራው ግን በሽታው ስለሚዘገይ ነው። ክትባቱ ቀድሞ ይደርሳል። ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ክትባቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ። እኔ በስልክ ጥሪ ነው የተረፍኩት ብዬ አምናለሁ።

ላብራቶሪ ሠራተኛ

ዝምተኛው፣ ነርሷ ትባረክ።

እኛ ሙያ ውስጥ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ካረን ዌተርሀን አሜሪካ ውስጥ በዳርትማውዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበረች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1996 ዳይሜቲልሜርኩሪ የሚባል ሜርኩሪ ያለበት መርዛማ ውህድ ጥቂት ጠብታ የላቴክስ ጓንቷ ላይ ወደቀ። ጓንቱን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች። ውህዱ ግን ጓንቱን በሰከንዶች ውስጥ አልፎ ነበር። ለወራት ሥራዋን እንደወትሮው ቀጠለች። ከአምስት ወር በኋላ ስትራመድ መንገዳገድ፣ ስትናገር መኮላተፍ ጀመራት። ሰኔ 1997 አረፈች።

እኔን የሚነካኝ ቀኑ የተገኘበት መንገድ ነው። ፀጉሯን መረመሩት። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ ከሥሩ እየለኩ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሜርኩሪው የጀመረበትን ቦታ አገኙት። ከላብራቶሪ ማስታወሻዋ ጋር ገጠመ። ማስታወሻዋ ላይ ቀኑን ጽፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ውህድ ላቴክስ ብቻ አይበቃም ተብሎ ጓንቱ ተቀየረ።

አንባቢ 7

ይህን ሁሉ አንብቤ ፍርሃት ያዘኝ። ልጅ ሆኜ ከዛፍ ወድቄ ነበር። አሁን ራሴን ሲያመኝ ከዚያ ይሆን? እንዲህ ከሆነ እኮ መቼም ሰላም የለም።

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ ከዚያ አይደለም። ደግሞም ጥሩ አደረግህ መጠየቅህ።

እያንዳንዱ የሚዘገይ ነገር የራሱ ሰዓት አለው። የአባባ ዓይነቱ ሳምንታት ነው፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት። የፓራሲታሞል ቀናት ነው። ከቶንሲል በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ዓሥርት ዓመታት የሚጠብቁም አሉ፤ ቺክን ፖክስ በልጅነት የያዘው ሰው ቫይረሱ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖርና በ60 ዓመቱ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይወጣል። ልጅ እያለህ ከዛፍ መውደቅህ ግን ከዛሬው ራስ ምታት ጋር የሚገናኝበት ሰዓት አልፏል። ራስ ምታቱ አዲስ ከሆነ ወይም ከበረታብህ ስለ ራሱ ስለ ራስ ምታቱ ታይ።

እኔ ሕመምተኛ ሲመጣ «ምን ተሰማህ?» ከማለት ቀጥሎ የምጠይቀው «ባለፉት ሦስት ወራት ምን ሆነህ ነበር?» ነው። ወደቅህ? ተነከስህ? አዲስ መድኃኒት ጀመርህ? የት ተጓዝህ? ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሣል፣ ጉዞው ካልተጠየቀ ማንም አያስበውም። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሲወድቅ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ምንም ባይሆን እንኳ።

ታላቋ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ ሳምንት ሆነኝ። አባባ ቤት ገብተዋል። ደሙ ተመልሶ ሊጠራቀም እንደሚችል ተነግሮናል፣ ስለዚህ ሌላ ሲቲ ስካን በወሩ መጨረሻ ቀጠሮ አላቸው። የወደቁበትን ቀን፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ አስፒሪኑን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ከካርዳቸው ጋር አያይዤዋለሁ። ወንድሜም ፎቶ አንሥቶ ስልኩ ላይ ይዞታል።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ አየኋቸው። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ዘገዩ። አለፉት። አራተኛው፣ አምስተኛው። ከዚያ ቀና ብለው «ምን ታፈጪብኛለሽ?» አሉኝ።